ዲጂታል መሣሪያ በመማሪያ ክፍል ውስጥ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስለሚገቡት ዲጂታል መሣሪያዎች ነው። ኮምፒዩተር፣ ታብሌት፣ ፕሮጀክተርና እነዚህን የመሳሰሉት ሁሉ ለትምህርት ይጠቅማሉን ወይስ አይጠቅሙም እያሉ መከራከር ጊዜን ማባከን ይመስለኛል፤ ጠመኔም ቢሆን ጥቅሙ እንደ ያዘው ሰው ነውና። ይልቁንስ መጠየቅ ያለበት፣ መሣሪያው ተማሪው የተሳሳተበትን ስፍራ ለመምህሩ ያሳየዋልን? መምህሩስ ይህን ባየ ጊዜ መሣሪያውን አቁሞ ሊያርም ይችላልን? የሚለው ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1997 ዓ.ም. ግድም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በእንግሊዝኛ ቋንቋ በየክፍሉ ይደርስ ነበር። ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ይኸውም ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አሲድና ቤዝ ሲደባለቁ የሚሆነውን በዓይኑ እንዲያይ፣ የመምህራንም እጥረት ትምህርቱን እንዳያጓድልበት ነው።

እኔም በዚያ ዘመን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ነበርኩ ነገሩን በወሬ ሳይሆን በወንበሬ ላይ ሆኜ አውቀዋለሁ። በቴሌቪዥኑ መስኮት የሚታየው አስተማሪ ጥያቄ ያቀርብና «አሁን ሥሩ» ብሎ ጥቂት ጊዜ ይሰጠናል፤ ጥያቄውን በደብተራችን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል፤ ወዲያውም «በጣም ጥሩ!» ይለናል። ማንን እንደሚያመሰግን ግን አናውቅም ነበር። የክፍላችን መምህር ጠመኔያቸውን እንደ ያዙ ጥግ ላይ ቆመው ይመለከቱናል፤ ያልገባን መሆኑን ከፊታችን ያነባሉ፤ ነገር ግን ሳተላይቱ አይቆምላቸውም። የተመደበላቸው ጥቂት ደቂቃ ሲደርስ ወደ ሰሌዳው ፈጥነው በአማርኛ ማስረዳት ሲጀምሩ ደወሉ ይደወላል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ትምህርቱ እኛን ሳይጠብቅ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመለስ የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በ8ኛ ክፍል በሒሳብ የሚቀድማት አልነበረም። በዓመቱ አጋማሽ ላይ መጠየቅን ተወች፤ ቆይታም መገልበጡን ተወችው።

ይህ የምናገርበት ሬዲዮም ቢሆን ከዚሁ ጉድለት ነፃ አይደለም፤ አድማጩ ግንባሩን ቢቋጥር ተናጋሪው አያየውም። ንግግሩ በጋዜጣ መታተሙ ስለዚህ በጎ ነው፤ ያልገባው ሰው ተመልሶ ሊያነበው ይችላልና።

የቄስ ትምህርት ቤትን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ። አንዱ ልጅ ፊደል ሲቆጥር፣ ሌላው ዳዊት ሲደግም፣ ሁሉም በየፊናው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ የኔታ ዓይናቸው የማያይ እንኳ ቢሆኑ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሳተውን ለይተው ወዲያው ያርሙታል። ልጁም ትናንት እርሱ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ጓደኛው ከደረሰበት አይጀምርም። በዚያ ትምህርት ቤት ብዙ የሚነቀፍ ነገር ይኖር ይሆናል፤ በዚህ በኩል ግን አይታማም።

ዲጂታል መሣሪያ ደኅና ውጤት ያሳየውም ይህንኑ የየኔታን ሥራ በሠራበት ስፍራ ነው። በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ «ማይንድስፓርክ» የተባለው የኮምፒዩተር ትምህርት ከክፍላቸው ደረጃ እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሰጥ ነበር። ኮምፒዩተሩ የየልጁን ስሕተት መርምሮ ልጁ ከደረሰበት ደረጃ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ 45 ደቂቃ ያህል በኮምፒዩተሩ ከሠራ በኋላ ሌላ 45 ደቂቃ በትንሽ ቡድን ሆኖ ከአስተማሪ ጋር ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ዕጣ የወጣላቸው ልጆች በ4 ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብ ያሳዩት መሻሻል ካልወጣላቸው ከእጥፍ በላይ ነበር፤ ይልቁንም ደካሞቹ ከነበሩበት አንጻር እጅግ ተጠቀሙ። በፔሩ አገር ደግሞ ለየልጁ አንድ ላፕቶፕ ታድሎ ነበር። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በ319 ትምህርት ቤቶች ከ15 ወር ገደማ በኋላ ቢመለከቱ፣ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ጥቂት በጎ ምልክት ቢያገኙም በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ልዩነት አላገኙም።

በየመሥሪያ ቤቱ የዕቃ ግዢ ሰነድ የምታዘጋጁና የምትፈርሙ ወገኖቻችን ይህን ብታስቡበት መልካም ነው። በሰነዱ ላይ የመሣሪያው ቁጥርና ዋጋ በግልጽ ይጻፋል፤ መምህሩ መሣሪያውን የሚለማመድበት ሰዓት፣ የጥገናው ወጪና መብራት ሲጠፋ የሚደረገው ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ይረሳል።

ብዙ ገንዘብ በሌለበትም ክፍል አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሮጀክተር ካለ ሥራ መሥራት ይቻላል። በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት «ፌት» የተባለው የሳይንስ ማስተማሪያ በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መምህሩ አንድ ባትሪና አንድ አምፖል የተያያዙበትን ሥዕል ለተማሪዎቹ ያሳዩና፣ «በዚሁ ሽቦ ላይ ከፊተኛው ቀጥሎ ሁለተኛ አምፖል ብንጨምር የፊተኛው ብርሃን ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ አይለወጥም?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም መልሱን በደብተሩ ይጽፋል፤ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ይከራከራል፤ ከዚያም እጅ ይወጣል። መምህሩ የሚጫኑት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብርሃኑ ሲደበዝዝ ይታያል፤ ክፍሉም ይንጫጫል። መምህሩም ሥዕሉን እዚያው ላይ አቁመው፣ እጇን በተሳሳተው መልስ ወዳወጣችው ልጅ ዘወር ይሉና፣ «ለምን አይለወጥም ብለሽ ጻፍሽ?» ብለው ይጠይቋታል፤ እስክትመልስም ድረስ ይጠብቋታል።