ሆሊውድ ፈለጋት፣ መንግሥቷ ግን አይሆንም አለ፦ ታቲያና ሳሞይሎቫ ማን ነበረች?

እስቲ አስቡት። ገና 24 ዓመታችሁ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ፊልማችሁ ካን ፌስቲቫል ላይ አንደኛ ወጥቷል። ከውጭ አገር የሥራ ጥሪ ይመጣል። ከዛ እናንተን ማንም ሳይጠይቅ ባለሥልጣናት "አይቻልም" ይላሉ። በቃ። ታቲያና ሳሞይሎቫ ላይ የደረሰው ይሄ ነው።

የተወለደችው በፈረንጆቹ ግንቦት 4 ቀን 1934 ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። አባቷ ዬቭጌኒ ሳሞይሎቭ በዘመኑ ስሙ የገነነ ተዋናይ ነበር። ያደገችው ሞስኮ ሲሆን ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር የ7 ዓመት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ባሌ ዳንስ ተማረች፣ በኋላ ግን ወደ ትወና አዘነበለችና ሹኪን የቲያትር ትምህርት ቤት ገባች። እዛው አብሯት ይማር የነበረውን ቫሲሊ ላኖቮይን አገባች (ይሄን ስም ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን)። በ1955 "ሜክሲኳዊው" በሚል ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ላይ ታየች።

ሁሉን የቀየረው ግን በ1957 የወጣው የሚካኤል ካላቶዞቭ ፊልም ነው። ስሙ በግርድፉ "ሽመላዎቹ እየበረሩ ነው" ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ስፖይለር አለው)። ቬሮኒካና ቦሪስ ይዋደዳሉ። ጦርነቱ ይጀመርና ቦሪስ በፈቃዱ ይዘምታል። እሷ ልትሸኘው ስትሮጥ አትደርስም። ያመጣችለትን ብስኩት ሰልፉ ላይ ስትወረውርለት መሬት ይበተንና ዘማቾቹ ሳያዩ ይረግጡታል። ከዛ ወላጆቿ በቦምብ ይሞታሉ፣ የቦሪስ የአጎት ልጅ በአየር ድብደባ መሀል ይደፍራታል፣ ኋላም እሱኑ ታገባለች። ቦሪስ መሞቱን ደግሞ አታውቅም።

ለዘመኑ ይሄ ከባድ ነገር ነው። ከዛ በፊት በሶቪየት የጦርነት ፊልሞች ላይ ሴቷ ብዙ ጊዜ እጮኛዋን በጽናት የምትጠብቅ ጀግና ናት። ቬሮኒካ ግን ትሰበራለች፣ ትሳሳታለች፣ ፊልሙም አይፈርድባትም። ስታሊን ከሞተ ገና 4 ዓመቱ ስለነበር ከዛ ቀደም ብሎ ቢሆን ይሄ ፊልም የሚታለፍ አይመስለኝም።

ሳሞይሎቫ ቀረጻው ላይ ሳለች የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበር። ይሄን እያወቃችሁ ስታዩት ሩጫዋ ራሱ ሌላ ነገር ነው። ካሜራማኑ ሰርጌ ኡሩሴቭስኪ ካሜራውን በእጁ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ ይከተላታል፣ አብሯት ይወርዳል፣ ሕዝቡ መሀል ይገባል፣ ከዛ ካሜራው ወደ ላይ ይነሳና በታንኮች መሀል ስትሮጥ ከላይ እናያታለን። ድሮን የለ፣ ምን የለ!

በ1958 ፊልሙ ካን ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን ወሰደ። ለሷም ልዩ ምስጋና ተሰጣት። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ አድናቂዎች ሰዓት እንደሸለሟት ራሷ ተናግራለች። የተቀረጸበት ጽሑፍ፣ በሶቪየት ስክሪን ላይ በመጨረሻ ጭምብል ሳይሆን ፊት አየን የሚል መንፈስ ነበረው።

ከሆሊውድም ጥሪ መጣ። አና ካሬኒናን ከፈረንሳዊው ኮከብ ዤራር ፊሊፕ ጋር እንድትሠራ ሐሳብ ነበር። ግን የሶቪየት ተዋናይ በራሱ ውል ፈርሞ ውጭ ሄዶ መሥራት አይችልም፣ ፈቃዱ የመንግሥት ነው። አልፈቀዱም። ዤራር ፊሊፕ በ1959 በ36 ዓመቱ ሞተ።

በኋላ መንግሥት በፈቀዳቸው የጥምረት ፊልሞች ከጣሊያኖችና ከሃንጋሪዎች ጋር ሠርታለች፣ ግን የያኔው እሳት በርዶ ነበር። አና ካሬኒናን የተጫወተችው በ1967፣ እዛው ሞስኮ ነው። የፍቅረኛዋን የቭሮንስኪን ቦታ ማን ቢይዘው ጥሩ ነው? ላኖቮይ! ያኔ ተፋተው ነበር።

ከዛ በኋላ የረባ ሚና ሳታገኝ ብዙ ዓመት አለፈ። በ2014 ልክ 80 ዓመት በሞላት ዕለት፣ በልደቷ ቀን አረፈች።

ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ከነሰብታይትሉ ይገኛል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። የብስኩቷን ትዕይንት ስታዩ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።