የካርቱም ሀቡብ፦ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ብቻ የሚታወቅ ነፋስ

ሀቡብ በነጎድጓድ ደመና ሥር የሚፈጠር፣ መሬት ለመሬት የሚጓዝና ከፊቱ የአቧራ ግድግዳ የሚነዳ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። በሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በዓረብ ምድርና በአሜሪካዋ አሪዞናም ይታያል። በሳይንሱ ዓለም ስሙ የገነነው ግን ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያው ኤል. ጄ. ሳተን እ.ኤ.አ. በ1925 እና በ1931 በብሪታንያ የንጉሣዊ ሜትሮሎጂ ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣቸው ጽሑፎች ከተማዋን በዓመት በአማካይ 24 ያህል ሀቡብ እንደሚመታት አስፍሯል፤ ቁጥሩ ዛሬም ይጠቀሳል። ከእሱ በኋላ ፋርኩሃርሰን በ1937፣ ፍሪማን በ1952፣ ሎውሰን በ1971 ይህንኑ ነፋስ አጥንተዋል። በ1930ዎቹ ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚበሩ የኢምፔሪያል ኤርዌይስ አውሮፕላኖች ካርቱም ላይ ያርፉ ስለነበር፣ ማረፊያውን በደቂቃዎች ውስጥ ከዓይን የሚሰውር ነፋስ ለአብራሪዎች ተራ ነገር አልነበረም።

አፈጣጠሩ ከሙቀትና ከድርቀት ይጀምራል። በግንቦት ካርቱም ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የጋለው አየር እየተናጠ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከሰዓት በኋላ እስከ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ያለው አየር ደረቅና በሚገባ የተደባለቀ ይሆናል። እርጥበት ያለው አየር ከደቡብ ሲገባ ነጎድጓዳማ ደመና ይገነባል፤ የደመናው ሥር ግን ከመሬት በጣም የራቀ ነው። ከዚያ የሚወርደው ዝናብ በደረቁ አየር ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛው ይተናል፤ አንዳንድ ጊዜ ጠብታ እንኳ መሬት አይደርስም። ትነት ሙቀት ይወስዳል። በአንድ ኪሎ ግራም አየር ውስጥ አንድ ግራም ውሃ ቢተን አየሩ በ2.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። አራት ግራም ቢተን ቅዝቃዜው ወደ አሥር ዲግሪ ይጠጋል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ የከበደውም ወደ ታች ይወርዳል። መሬት ሲነካ መሄጃው ጎንና ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ከእንስራ ወለል ላይ እንደተደፋ ውሃ በየአቅጣጫው ይሰራጫል።

ስርጭቱ የራሱ ሕግ አለው። ከባድ ፈሳሽ ከቀላሉ ሥር እየገባ የሚያደርገው ጉዞ በባሕር ዳርቻ ነፋስም፣ በበረዶ ናዳም፣ በቤተ ሙከራ ገንዳ ውስጥም አንድ ዓይነት ነው። ጆን ሲምፕሰን የተባለው ተመራማሪ በ1987 ሙሉ መጽሐፍ የጻፈበት ጉዳይ ነው። የፊቱ ጫፍ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ወደፊት ይሾላል፤ ከኋላው ደግሞ ያበጠ ራስ አለው። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የቀዝቃዛው አየር ውፍረትና ከአካባቢው አየር የሚለይበት የሙቀት መጠን። አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለውና በአምስት ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር በሰዓት ከ35 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ውፍረቱ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር፣ ልዩነቱ አሥር ዲግሪ ቢሆን 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግን ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው በአርባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የደመናው የራሱ ጉዞ በዚህ ላይ ሲታከል ሽውታው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋበት ጊዜ አለ።

አቧራውን የሚያነሳው ነፋስ ቢሆንም አነሳሱ ቀጥተኛ አይደለም። በጣም የደቀቀው የአፈር ቅንጣት እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለሚይዝ ነፋስ ብቻውን በቀላሉ አያላቅቀውም። መጀመሪያ የሚነሳው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አሸዋ ነው። እሱም እየዘለለ ተመልሶ መሬቱን ሲመታ ደቃቁን አቧራ ከሥሩ ፈንቅሎ ይለቀዋል። ይህን ሥርዓት ባለው መንገድ ያስረዳው ራልፍ ባግኖልድ ነው። ባግኖልድ በ1930ዎቹ የሊቢያን በረሃ በመኪና አቋርጦ ሱዳን የዘለቀ መኮንን ሲሆን፣ በኋላ ለንደን ውስጥ በነፋስ መሿለኪያ የሠራቸውን ሙከራዎች ጨምሮ በ1941 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። የካርቱም ዙሪያ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ዓባይና ገባሮቹ ለሺህ ዓመታት ያወረዱት ደለል፣ ከምዕራብ በኩል የተንጣለለው አሸዋ፣ በበጋ ታርሶ ወይም ተግጦ የተራቆተው ሜዳ ሁሉ ጥሬ ዕቃ ነው።

ሀቡብ በየትኛው ወር እንደሚበዛ የሚወስነውም የአፈሩና የደመናው ግጥጥሞሽ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ደረቅ ነፋስና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ የሞንሱን አየር የሚገናኙበት መስመር በበጋ ከካርቱም በስተ ደቡብ ርቆ ይቆያል። ከሚያዝያ ጀምሮ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከተማዋን አልፎ ይሄዳል። በግንቦትና በሰኔ ደመና የሚሠራ እርጥበት ደርሷል፣ መሬቱ ግን ገና ደረቅ ነው፤ ሀቡብ የሚበረታውም ያኔ ነው። ዝናቡ እየጸና ሲመጣ አፈሩ ይረጥባል፣ ሣርም ይለብሳል። ያኔ ያው ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፤ አቧራው ግን ጥቂት ይሆናል።

የደመናዎቹ መነሻ ብዙውን ጊዜ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ምዕራባዊ ተዳፋት ከሰዓት በኋላ ሲግል ከጎንደርና ከመተማ በላይ ደመና ይከመራል። ከላይ በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ይህን ክምር ወደ ገዳሪፍና ወደ ገዚራ ሜዳ ይገፋዋል። ከመተማ እስከ ካርቱም በቀጥታ መስመር 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ደመና ብቻውን ያን ሁሉ መንገድ አይዘልቅም። አንዱ ሲሞት ከሥሩ የወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ከፊቱ ያለውን ሞቃት አየር ወደ ላይ ገፍቶ ሌላ ደመና ያስነሳል። ከተማዋን የሚመታው ግድግዳ የመጨረሻው ደመና ልጅ ነው። ሀቡብ ካርቱም የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑ ከዚህ የሰንሰለት ጉዞ ይመነጫል።

አስቸጋሪው ሥራ ትንበያው ነው። ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ለማየት ሌላ ዓይነት ትንበያ አጠገቡ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የማዕበል ትንበያን። በማዕበል ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች የትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት ጥሩ ማዕበል እንደሚመጣ ከቀናት በፊት ያውቃሉ። የዚህ ሙያ መሠረት የተጣለው በጦርነት ነው። ሃራልድ ስቨርድሩፕና ዋልተር ሙንክ የሠሩት ዘዴ በሰኔ 1944 ለኖርማንዲ የባሕር ወረራ ቀን መምረጫ ሆኗል። በ15 ሰከንድ ልዩነት የሚመጣ የውቅያኖስ ማዕበል ጉልበቱ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከሀቡብ ፍጥነት ጋር ተቀራራቢ ነው። ግን የውቅያኖሱ ማዕበል 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተነሳ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ የፈጠረውም አውሎ ነፋስ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ስለሆነ ማንኛውም የኮምፒውተር ሞዴል ያየዋል። ከካርቱም 150 ኪሎ ሜትር ርቆ የተወለደ ሀቡብ በሦስት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ያወረደው የደመና እምብርት ደግሞ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ዓለም አቀፍ የአየር ትንበያ ሞዴሎች ምድርን በመረብ ይከፋፍሏታል። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ለረጅም ጊዜ የሠራበት መረብ ዓይኑ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር በሞዴል ውስጥ በትክክል እንዲታይ በርካታ የመረብ ዓይኖችን መሸፈን አለበት፤ ከነጎድጓድ ደመና ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ አንዱንም በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ ሞዴሉ ደመናውን አይሠራውም፤ ውጤቱን በግምታዊ ቀመር ይተካዋል። ቀመሩ ዝናብ ያዘንባል፤ ከዝናቡ ሥር ወጥቶ መሬት ለመሬት የሚሮጠውን ቀዝቃዛ አየር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘለዋል። ሌላም የቆየ ጉድለት አለው፤ ዝናቡን ወደ ማታ ከማዝነብ ይልቅ እኩለ ቀን አካባቢ ያዘንበዋል። ጆን ማርሻምና ባልደረቦቹ በ2011 በምዕራብ አፍሪካ ላይ ባደረጉት ጥናት ደመናን በቀጥታ የሚሠራ ደቃቅ መረብና በቀመር የሚተካ ሰፊ መረብ አቧራ የሚያነሳውን ነፋስ በጣም በተለያየ መንገድ እንደሚያሳዩ አረጋግጠዋል። በሰፊው መረብ ሀቡብ ከካርታው ላይ የለም ማለት ይቀላል።

በዚህ ምክንያት የትንበያ ባለሙያ ሥራ በሁለት ይከፈላል። ጠዋት ላይ ማለት የሚችለው ዕድልን ነው፦ እርጥቡ አየር ምን ያህል ጥልቀት አለው፣ ከሱ በላይ ያለው ደረቅ አየር ምን ያህል ወፍራም ነው፣ ላይኛው ነፋስ ወዴት ይገፋል። እነዚህ ከተገጣጠሙ ቀኑ ለሀቡብ የተመቸ ነው። የት እና በስንት ሰዓት የሚለው መልስ የሚገኘው ደመናው ከተወለደ በኋላ ነው። ለዚህ ዋናው መሣሪያ ከአፍሪካ በላይ የቆመው የሜቴዎሳት ሳተላይት ነው፤ ከ2002 ጀምሮ ወደ ሕዋ የተላከው ሁለተኛው ትውልድ በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካል። ሦስት የታሕተ ቀይ ሞገዶችን አቀናጅቶ በሚሠራው የቀለም ምስል ላይ አቧራ ደማቅ ሮዝ፣ ወፍራም ደመና ጥቁር ቀይ ሆኖ ይወጣል። የሚያየው ሙቀትን እንጂ የፀሐይ ብርሃንን ስላልሆነ ሌሊትም ይሠራል። ሀቡብ ሌሊት የሚጓዝ በመሆኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንከን ግን አለው፤ የነጎድጓዱ ደመና ራሱ ከላይ ተዘርግቶ ግድግዳውን ሲሸፍነው ሳተላይቱ የሚያየው ደመናውን ብቻ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው በመንገዱ ላይ ያለ የምድር ጣቢያ ነው። ገዳሪፍ ወይም ዋድ መደኒ ላይ የአየር ግፊት በድንገት ቢዘልል፣ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ በበርካታ ዲግሪ ቢወርድና ነፋሱ አቅጣጫ ቢቀይር ግንባሩ አልፏል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የርቀትና የፍጥነት ስሌት ነው። በአሪዞና ከተማ በፊኒክስ ይህንን ሥራ ራዳር ይሠራል። ሐምሌ 5 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋን የዋጠውና ከ1,500 ሜትር በላይ የቆመው የአቧራ ግድግዳ ከመድረሱ በፊት በራዳር ማሳያ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ሲገሰግስ ይታይ ነበር። በካርቱም ግን የምድር ምልከታ ራሱ የጦርነት ሰለባ ሆነ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲፈነዳ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ አውደ ውጊያዎች አንዱ ነበር። በአፍሪካ ከተሞች የአየር ሁኔታ በየሰዓቱ የሚመዘገበው በአብዛኛው በማረፊያ ሜዳዎች ስለሆነ፣ ማረፊያ ሲዘጋ የሚቋረጠው በረራ ብቻ አይደለም።

የካርቱም ነፋስ ሁሉ እንዲህ ድንገተኛ ነው ማለት አይደለም። በክረምት ፈንታ በበጋው ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በሜዲትራኒያን ላይ ዝቅተኛ ግፊት አልፎ ሲሄድ ከኋላው የሚከተለው ቀዝቃዛ አየር የሰሜኑን ነፋስ ያበረታዋል። ይህ ነፋስ የሚመነጨው ከትልቅ ሥርዓት ስለሆነ ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት በአስተማማኝ ሁኔታ ይተነበያል። ዓባይ ወደ ሰሜን ይፈሳል፣ ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል፤ ነፋስና ጅረት ፊት ለፊት ሲገጥሙ የማዕበሉ ርዝመት ያጥራል፣ ገጹም ቀጥ ይላል። ሜሊክ የተባለችውን የብሪታንያው ጄኔራል ኪችነር የጦር ጀልባ ለረጅም ዘመን ቤቱ ያደረገው የጥቁር ዓባይ የሸራ ጀልባ ክበብ አባላት የሚያውቁት ይህን ነው።

ከሱዳን ነፋሶች ሁሉ ለባሕር ማዕበል ቅርቡ ግን ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቀይ ባሕር ተራሮች መካከል በቶካር ክፍተት የሚያልፈው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከምዕራብ የሚመጣው የሞንሱን ነፋስ በዚህ በር ተጨምቆ ከባርካ ወንዝ ዴልታ በላይ ወደ ባሕሩ ይወረወራል፤ በተለይ ንጋት ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ15 ሜትር ያልፋል። ቀይ ባሕር ጠባብ ነው፤ በባብ ኤል መንደብም የውቅያኖስ ማዕበል አይገባበትም። ስለዚህ የሚያናውጠው የራሱ ነፋስ ነው። ተራራው ከቦታው ስለማይነቃነቅና ነፋሱም በየሌሊቱ ስለሚደጋገም፣ የቶካር ነፋስና ማዕበሉ ደቃቅ መረብ ባለው ሞዴል በደንብ ይያዛሉ።

ሀቡቡ ካለፈ በኋላ ትንበያው እንደገና ይቀልላል። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነው አሸዋ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ እንኳ በግማሽ ሰዓት መሬት ይደርሳል፤ አብዛኛው ሀቡብ በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚበርደውም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። የአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትሩ ደቃቅ አቧራ ግን ያንኑ ከፍታ ለመውረድ አንድ ቀን ተኩል ይፈልጋል፤ የአየሩ መናጥ ደግሞ ያዘገየዋል። ወደ ሳንባ የሚዘልቀው የዚህ ወገን ነው። በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ሥር የሚሠራው የባርሴሎና የአቧራ ማዕከል ለሰሜን አፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ በየቀኑ የሚያወጣው ካርታ ተንሳፎ የቀረው አቧራ በነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ለሦስት ቀን ያህል አስቀድሞ ያሳያል።