ማሪያን ለምን ትሞታለች?

እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ስለ አፈ ታሪኩ ሽፍታ ስለ ሮቢን ሁድ የራሱ አስተያየት የሌለው ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከከተማዋ ግንብ ሥር ቀስቱን ወጥሮ የቆመ የነሐስ ሐውልት አለው፤ የቆመውም በ1952 ነው (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከከተማዋ በስተ ሰሜን በሚገኘው የሸርዉድ ደን ደግሞ ከነጓዶቹ ተጠልሎበታል የሚባል፣ ቅርንጫፎቹ በድጋፍ የቆሙ ጥንታዊ ዛፍ አለ፤ እሱን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። ክርክሩ የሚጦፈው ግን በቴሌቪዥን ከታዩት ሮቢኖች እውነተኛው የትኛው ነው በሚለው ላይ ነው።

የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከእራት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን፤ የሰው አስተያየት የሚሰማውም ያኔ ነው። ዕድሜያቸውን በራሌይ ብስክሌት ፋብሪካ የጨረሱ አንድ አዛውንት አሉ። ለእርሳቸው ሮቢን ሁድ ማለት ሪቻርድ ግሪን ነው፤ ሌላውን ሁሉ አስመሳይ ይሉታል። ግሪን የተወነበት ድራማ በ1955 ሲጀመር አይቲቪ የተባለው ጣቢያ ራሱ ሥራ ከጀመረ ገና ቀናት ነበር የሆነው። እስከ 1959 ድረስ 143 ክፍሎች ታይተዋል። አዛውንቱ የድራማውን ዘፈን ዛሬም ከነዜማው ያወርዱታል።

አንድ ቀን ስለዚያ ድራማ ያነበብሁትን አጫወትኋቸው። አዘጋጇ ሐና ዋይንስታይን አሜሪካዊት ነበረች። ከታሪኮቹም ብዙዎቹን የጻፉት በኮሙኒስትነት ተወንጅለው ከሆሊውድ ሥራ የተባረሩ፣ እንደ ሪንግ ላርድነር ጁኒየር ያሉ ደራሲዎች ናቸው። ስማቸው ስለታገደ በሌላ ስም ይጽፉ ነበር። የተባረረ ሰው ስለተባረረ ሰው ሲጽፍ ነገሩ ከአንጀት ይወጣል፤ አዛውንቱም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "ለካ ሸሪፉን እንደዚያ የጠላሁት ያለ ነገር አልነበረም" አሉኝ።

ታሪኩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ንጉሥ ሪቻርድ ለመስቀል ጦርነት ርቆ ሄዷል፤ የኖቲንግሃም ሹም የሆነው ሸሪፍ ሕዝቡን በግብር ያስጨንቃል፤ ሮቢን ዱር ቤቴ ብሎ ጫካ ይገባና ከባለጸጋ ቀምቶ ለድሃ ይሰጣል። የቋራው ካሳ ሸፍቶ ሸፍቶ በመጨረሻ ቴዎድሮስ ተብሎ እንደነገሠ እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ፣ ከሁሉ በፊት የገረመኝ ይህ ሽፍታ ዙፋን የማይመኝ መሆኑ ነው። ከ500 ዓመት በፊት በታተመው ረጅም የግጥም ትረካ ንጉሡ ምሮት ቤተ መንግሥት ያስገባዋል፤ እርሱ ግን ዓመት ከሦስት ወር ኖሮ ጫካው ስለናፈቀው ተመልሶ ይሄዳል።

የሌሊት ተረኛዋ ባልደረባዬ ከአዛውንቱ ጋር አይስማሙም። እርሷ በ1984 የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች፤ "ሮቢን ኦቭ ሸርዉድ" የተጀመረውም በዚያ ዓመት ነው። ደራሲው ሪቻርድ ካርፔንተር ታሪኩን ከግሪን ዘመን ንጹሕ ልብስና ፈገግታ አውጥቶ ጭጋግና ጭቃ ውስጥ ከተተው። ጫካው የራሱ መንፈስ አለው፤ የአጋዘን ቀንድ የደፋው ሄርን ሮቢንን ልጄ ብሎ ይጠራዋል። ክላናድ የተባሉት አየርላንዳውያን የሠሩለት ሙዚቃ የባፍታ ሽልማት አግኝቷል። ሁሉም ግን አልወደደውም። በቴሌቪዥን ሥነ ምግባር ተቆርቋሪነቷ የታወቀችው ሜሪ ዋይትሃውስ ግድያው በዛ፣ አስማቱ ከሃይማኖት ይጋጫል ብላ ተቃውማዋለች።

ከዚያ ድራማ ለእኔ ትልቁ ነገር ናስር ነው። ማርክ ራያን የተጫወተው ይህ ሙስሊም ተዋጊ መጀመሪያ የክፉው ባሮን አገልጋይ ሆኖ ቀርቦ እዚያው እንዲሞት ነበር የታሰበው። ሠሪዎቹ ወደዱትና ከሮቢን ጓዶች ጋር አስቀሩት። በጥንቱ ትረካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በ1991 በወጣው የኬቪን ኮስትነር ፊልም ሞርጋን ፍሪማን አዚም የተባለ ሙስሊም ሆኖ መጣ፤ በ2006 የቢቢሲ ድራማ ደግሞ ጃክ የተባለች ሙስሊም ሴት ከጓዶቹ ጋር ተቀላቀለች።

ይህን የማነሣው ተመልካቾች "ታሪኩን አበላሹት" ሲሉ ስለምሰማ ነው። የቱን ታሪክ? የሮቢን ፍቅረኛ ማሪያን እንኳ በጥንቶቹ ትረካዎች ውስጥ የለችም፤ ከሮቢን ጋር የተጣመረችው በኋላ፣ በግንቦት በዓል ጨዋታዎች በኩል ነው። የንጉሥ ሪቻርድ ዘመንም ቢሆን በ1521 ጆን ሜጀር የተባለ ስኮትላንዳዊ ጸሐፊ የሰጠው ነው፤ በቀደመው ትረካ የንጉሡ ስም ኤድዋርድ ነው። የመኳንንት ዘርነቱን በመድረክ ያስፋፋለት ደግሞ የቴአትር ደራሲው አንቶኒ መንዴይ ነው፤ በ1598። በጥንቶቹ ትረካዎች ሮቢን ነፃ ሰው እንጂ የመኳንንት ዘር አልነበረም። እያንዳንዱ ትውልድ ሲጨምርበት የኖረ ታሪክ ነውና፣ መጨመር ብቻውን ተመልካችን ያን ያህል ሊያስቆጣው አይችልም።

ታዲያ የሚያስቆጣው ምንድን ነው? መልሱን ያገኘሁት ወጥ ቤታችን ውስጥ ከምትሠራው ወጣት ነው። እርሷ ያደገችው በ2006 በተጀመረው የቢቢሲ ድራማ ነው። ሮቢንን ጆናስ አርምስትሮንግ፣ ማሪያንን ሉሲ ግሪፊትስ ተጫውተዋቸዋል፤ የተቀረጸውም ሀንጋሪ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ልብሱ የዛሬ ልጆች ልብስ ይመስላል፣ ንግግሩም የዛሬ ነው እያሉ አጣጣሉት። ለእርሷ ግን ይህ ምኗም አልነበረም። ማሪያን ፊቷን ሸፍና በሌሊት ለድሆች እህልና መድኃኒት የምታደርስ፣ ሰይፍ የምትመዝ ሴት ነበረችና በቂ ነበር። ሪቻርድ አርሚቴጅ የተጫወተው ጥቁር ለባሹ የሸሪፉ ሰው የጊዝቦርን ጋይ ደግሞ ክፉ ሆኖም ብዙ ሴት ተመልካቾችን ማርኳል።

ከዚያ ታኅሣሥ 29 ቀን 2007 መጣ። የሁለተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ነው። በቅድስት አገር፣ ማሪያን በጋይና በንጉሡ መካከል ቆማ የምትወደው ሮቢንን መሆኑን ትናገራለች። ጋይ በሰይፍ ይወጋታል። እየሞተች ከሮቢን ጋር ቃል ኪዳን ያስራሉ። ወጣቷ ያን ምሽት ሕፃን ነበረች፤ አሁንም ስትናገረው ድምጿ ይለወጣል። በሦስተኛው ምዕራፍ ጋይ ራሱ የሮቢን አጋር እየሆነ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ዘግታ እንደወጣች ነገረችኝ። ብዙ ተመልካችም እንደ እርሷ ተቀይሟል። በሰኔ 2009 ሮቢንም ተመርዞ ሞተ፣ ድራማውም በዚያው ተቋጨ።

ባልደረባዬ የምትወደው ድራማም እኮ ጀግናውን ገድሏል። ሚያዝያ 13 ቀን 1985 በታየው ክፍል ማይክል ፕሬድ የተጫወተው ሮቢን ማሪያንን አስመልጦ ኮረብታ ላይ ብቻውን ይቀራል። የመጨረሻ ፍላጻውን ወደ ሰማይ ይለቅቃል፣ ቀስቱን ይሰብራል፣ ወታደሮቹም ይተኩሱበታል። ሲሞት አናይም። ወዲያው ግን ቆብ የደፋ ሌላ ሰው ብቅ ይላል፤ በ1986 ጄሰን ኮነሪ ያንን ቦታ ተረክቦ ቀጠለ። ተመልካቹ ፕሬድ ይበልጣል ወይስ ኮነሪ እያለ እስከ ዛሬ ቢከራከርም፣ ያንን ሞት ግን እንደ በደል የቆጠረ ሰው አላገኘሁም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የ1985ቱ ሞት ትግሉን ለሌላ አስረከበ። የማሪያን ሞት ግን ለማንም ምንም አላስረከበም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጇ ስትታገል የነበረች ሴት ለሮቢን ሐዘን ማባባሻ፣ ለጋይም ጸጸት መነሻ ሆና ቀረች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግፍ የፈጸመው ሰው ከተበዳዮቹ ጎን ተሰለፈ፣ የእርሷን ደም የጠየቀ ፍርድ ግን አላየንም። የሮቢን ሁድ ታሪክ ለተመልካቹ ከመጀመሪያው ቃል የገባለት አንድ ነገር ቢኖር ሕግ የነፈገውን ፍርድ ጫካው እንደሚሰጠው ነው። ወጣቷ የተቆጣችው ያ ቃል ስለታጠፈ ነው፤ እኔም እውነቷን ነው እላለሁ። የቢቢሲ ድራማ ሠሪዎች በዚህ ተሳስተዋል።

የ1984ቱም ቢሆን ቅሬታ አላጣም። ወጪውን የሚሸፍነው ጎልድክረስት የተባለው ኩባንያ ሲዳከም ድራማው በ1986 ማሪያንን ገዳም አስገብቶ ሳይቋጭ ቆመ። ካርፔንተር በ2012 አረፈ። በ2016 ግን ከእርሱ ከቀረው ጽሑፍ የድምፅ ድራማ ተሠራ፤ ፕሬድን ሳይሆን ኮነሪን ሮቢን አድርጎ፣ የቀድሞዎቹን ተዋንያን መልሶ አሰባስቦ። ወጪውን ያዋጡት ከዚያ 30 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ድራማውን የተመለከቱ አድናቂዎች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱን ማየት ለሚፈልግ አንባቢ የምመክረው የ1984ቱን ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ግድያውና አስማቱ ስለሚከብዳቸው በግሪን ይጀመር። የ2006ቱንም እዩት፤ ግን ከልጆች ጋር ከሆነ የሁለተኛውን ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል አብራችሁ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፣ ሲያልቅም ምን እንደተሰማቸው ጠይቋቸው።