500 ሸርቦርን

የቶሮንቶው ሴንት ጄምስ ታውን ሰው 500 ሸርቦርን የተባለውን አድራሻ ሳያውቀው አይቀርም። 75 ቁጥር አውቶቡስ በፊቱ ያልፋል፤ ልጆቻችን የሚያጠኑበት ቤተ መጻሕፍትም፣ 495 ቁጥር፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ዛሬ ቦታው ላይ ሰው የሚኖርበት ኮንዶ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1995 ግን የፕሪንሰስ ማርጋሬት የካንሰር ሆስፒታልና የኦንታሪዮ ካንሰር ኢንስቲትዩት ነበር። ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የሚባለው ነገር በሰውነታችን መኖሩ በቁጥርና በማስረጃ የተረጋገጠው እዚያ ነው። እኔ ሙያዬ ደም መቅዳት ነው። በየቀኑ ከእጄ የሚያልፈው ሥራ ከዚህ ሰፈር የተነሣ መሆኑን የሰፈሬ ልጆች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ነገሩን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኧርነስት ማኩሎክ የደም ሐኪም፣ የቶሮንቶ ልጅ ነበሩ። ጄምስ ቲል ደግሞ በምዕራብ ካናዳ እርሻ ላይ ያደጉ የፊዚክስ ሰው ናቸው። ዘመኑ የአቶም ቦምብ ፍርሃት የነገሠበት ነበር። ጨረራ መቅኔን እንደሚያጠፋ ይታወቃል፤ ምን ያህሉ ጨረራ ስንቱን የመቅኔ ሕዋስ እንደሚገድል ግን በቀጥታ መለካት ፈለጉ። አይጦችን መቅኔያቸው እስኪጠፋ ድረስ በጨረራ መቱና ከጤነኛ አይጥ የወሰዱትን መቅኔ በደም ሥር ሰጧቸው።

በ1960 አንድ እሑድ ማኩሎክ መቅኔ ከተሰጣቸው ዐሥር ቀን የሆናቸውን አይጦች ለማየት ላቦራቶሪ ገቡ። የአይጦቹ ጣፊያ ላይ ጎላ ጎላ ያሉ እብጠቶች ነበሩ። የተነሡበት ጥያቄ ስለ እብጠት አልነበረም፤ እሳቸው ግን ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ብዙ መቅኔ የተሰጠው አይጥ ብዙ እብጠት አለው፤ ጥቂት የተሰጠው ጥቂት። በግምት ለ10,000 የመቅኔ ሕዋስ አንድ እብጠት። ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ቆጠራ ነው። ከብዙ ሺህ መካከል ጥቂቱ ብቻ ተባዝቶ ያን ሁሉ ማፍራት ይችላል ማለት ነውና።

ሥራቸው በ1961 ታተመ። ጥርጣሬ ግን ነበር፤ እብጠቱ ብዙ ሕዋሳት ተሰባስበው የሠሩት ሊሆን ይችላል። በ1963 ተማሪያቸው አንድሪው ቤከር ሕዋሳቱን በጨረራ መትቶ በክሮሞዞማቸው ላይ ስብራት አሳረፈባቸው። ስብራት እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። በአንድ እብጠት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት አንድ ዓይነት ስብራት ተገኘባቸው፤ ሁሉም የአንድ ሕዋስ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት ከሉ ሲሚኖቪች ጋር ሆነው ደግሞ ከእብጠቱ የተወሰደው ሕዋስ ሌላ አይጥ ውስጥ ሲገባ አዲስ እብጠት እንደሚያወጣ አሳዩ። ስለዚህ ስቴም ሴል ሁለት ነገር ይችላል፦ ቀይና ነጭ የደም ሕዋስ፣ ፕላትሌትም ይወልዳል፤ ራሱንም ይተካል። ቲልና ማኩሎክ በ2005 የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው፤ ማኩሎክ በ2011 አረፉ።

ሰውነታችን ሳናስተውለው ይታደሳል። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው፤ መቅኔያችን ለምትኩ በየቀኑ 200 ቢሊዮን ያህል ያመርታል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በቀናት ውስጥ ይቀየራል፤ የቆዳችን የላይኛው ክፍልም በሳምንታት። ጉበት አብዛኛው ተቆርጦ እንኳ ተመልሶ ይሞላል፤ እዚያ ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ራሳቸው መደበኛዎቹ የጉበት ሕዋሳት ናቸው። ልብ ግን ዕድለኛ አይደለም፤ ጡንቻው በዓመት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይታደስም። ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታው ሰው ልብ ላይ ጠባሳ የሚቀረው ለዚህ ነው።

በእኔ በኩል ነገሩ የሚታየው ሐምራዊ ክዳን ባላት ትንሽ ቱቦ ነው። የደም ካንሰር የያዘው ሰው መቅኔው በመድኃኒት፣ አንዳንዴም በጨረራ፣ ይጠረጋል፤ ከዚያ የለጋሽ ስቴም ሴል እንደ ደም በከረጢት ይንጠለጠልለታል። ሕዋሱ መንገዱን ራሱ ፈልጎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። በየማለዳው እቀዳለሁ፤ የነጭ ሕዋሱ ውጤት ዜሮ ይላል፣ ዜሮ ይላል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲሆን 0.1 ይመጣል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ 0.5 ደርሶ ለሦስት ቀን ከጸና አዲሱ መቅኔ ሥር ያዘ ይባላል። ያን ቁጥር ነርሷ ለቤተሰብ ስትናገር አጠገባቸው ቆሜ አውቃለሁ፤ እልል ያለች እናትም አይቻለሁ።

ስቴም ሴል ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የመቅኔው ደም ብቻ ይሠራል። የፅንሱ ማንኛውንም የአካል ክፍል መሆን ይችላል፤ የሰው ፅንስ ስቴም ሴል በላቦራቶሪ የተለየው በ1998 ነው። በ2006 ደግሞ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአይጥን መደበኛ ሕዋስ ወደዚያ ሁኔታ መልሶ በ2012 ኖቤል ተሸለመ። ተስፋው ትልቅ ነው፤ ብዙው ግን ገና በምርምር ላይ ነው።

ይህን ተስፋ የሚቸረችሩ አሉ። ጎረቤቴ አንዲት እናት በአሳንሰር ውስጥ ይዘውኝ፣ «ልጄ፣ ጉልበት ላይ የሚወጉት ስቴም ሴል ያድናል ይላሉ፤ ልጆቼ ሊከፍሉልኝ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ይቆዩ፤ ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ ምንም እንዳይከፍሉ» አልኳቸው። የካናዳ ጤና ሚኒስቴር በ2019 ከሰው ከራሱ ተወስዶ የሚወጋ ሕዋስም እንደ መድኃኒት እንደሚቆጠር፣ ያልተፈቀደውን መሸጥም ሕግ መጣስ እንደሆነ አስታውቋል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ለጋሽና ተቀባይ የሚገጣጠሙት በደም ዓይነት ሳይሆን ኤችኤልኤ በሚባል ከወላጅ በሚወረስ መለያ ነው። አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ያ ካልተገኘ ከመዝገብ ይፈለጋል፤ የሚገጥመውም ብዙ ጊዜ የዘር ሐረጉ የሚቀራረብ ሰው ነው። በአሜሪካ መዝገብ ነጮች ሙሉ ገጣሚ የማግኘት ዕድላቸው 79 በመቶ ሲገመት፣ የጥቁሮቹ 29 በመቶ ነው። ዛሬ ግማሽ በሚገጥም የቤተሰብ ሕዋስም ይታከማል፤ ያም ሆኖ ከኛ ሰው የተመዘገበው በበዛ ቁጥር የሐኪሙ ምርጫ ይሰፋል።

የካናዳ የደም አገልግሎት ድርጅት ከ17 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ይመዘግባል። መመዝገቢያው ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ ማሸት ነው፤ ዕቃው በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ስነግራቸው የሰፈሩ ወጣቶች የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከአከርካሪ ነው አይደል የሚወስዱት?» አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀን መርፌ ትወጋላችሁ፤ መርፌው ስቴም ሴሉን ከአጥንት ወደ ደም ያወጣዋል። አጥንት ይቆረጥማል፣ ራስ ያማል፤ ደግሞ ያልፋል። ከዚያ ደማችሁ በአንድ ክንድ ወጥቶ በማሽን ተጣርቶ በሌላው ይመለሳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። አንዳንዴ ደግሞ በሰመመን ከዳሌ አጥንት ይወሰዳል። የሰጣችሁትንም መቅኔያችሁ በሳምንታት ውስጥ ይተካዋል።