ከገንዘቡ በፊት ሙያው

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ በያዮ፣ በሁሩሙና በቡሬ ከተሞች የራሱን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ወጣት ስለ ዕቅዱ በተጠየቀ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው የሚበደረውን ገንዘብ ነው። ምን እንደሚያመርት፣ ለማን እንደሚሸጥና ሥራውን ከማን እንደተማረ የሚነገረው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይነገርም። ገንዘብ ለሥራ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ሙያን ይከተላል እንጂ ሙያ ገንዘብን አይከተልም። ይህ ቅደም ተከተል በተገለበጠ ቁጥር የሚከስረው ወጣቱ ብቻ አይደለም። በዋስትና የፈረሙለት ጓደኞቹ፣ ጥሪታቸውን ያካፈሉት ወላጆቹና በዱቤ የሰጡት ጎረቤቶቹም አብረው ይከስራሉ። በመሆኑም ጉዳዩ የሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ ጉዳይ ነው እንላለን።

ለመሆኑ በንግድ የደመቀ ከተማ ሁሉ ሀብት ያፈራልን? ለዚህ ጥያቄ ከጎሬ ታሪክ የተሻለ መልስ አይገኝም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተመሠረተ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ከደጋው ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት የእንፋሎት መርከቦች ቡናውን ወደ ካርቱም ያጓጉዛሉ፤ ሲመለሱም ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ያመጣሉ። ጎሬ የዚህ ንግድ እምብርት ነበረች። የውጭ ሀገር ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሱቅ ከፍተውባታል።

ይሁንና ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የጋምቤላው ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የቡናውም ጉዞ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ አውራ ጎዳና ዞረ። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነትም በኋላ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። መንገዱ ሲዞር ጎሬን ያደመቀው ንግድ አብሮ ዞረ። ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ጥሬ ዕቃን ተቀብሎ በማሳለፍ ላይ ብቻ የቆመ ንግድ መንገድ በተለወጠ ጊዜ እንደሚደርቅ፣ በእጅ የገባ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር እንደሚኖር ነው።

ከዚህ አኳያ የዛሬው ወጣት በዙሪያው ያለውን ሀብት በባለሙያ ዓይን ሊመለከተው ይገባል። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። በአካባቢው ደን ውስጥ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይገኛሉ። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ሀብት መካከል በከተሞቹ ውስጥ ተዘጋጅቶና ታሽጎ የሚወጣው ምን ያህሉ ነው?

ማርን እንውሰድ። በዛፍ ላይ የሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ያህል ማር ሲሰጥ፣ በሚገባ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ 20 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ምርት መጨመሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በውስጡ ያለው እርጥበት ከመቶ 20 እጅ በላይ የሆነ ማር ከጊዜ በኋላ ሊቦካ ይችላል። እንደ ጎሬና መቱ ባለ ዝናባማ አገር ማሩን ሳይበስል የቆረጠ ወይም ክዳን በሌለው ዕቃ ያስቀመጠ ነጋዴ በራሱ ላይ ኪሣራን ይጠራል። እዚህ ላይ ከብድሩ የሚበልጠው ዕውቀቱ ነው።

ቡናም እንዲሁ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ግራም ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ያም ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ይቀንሳል። እንግዲህ 10 ኪሎ ግራም ጥሬ ቡና ገዝቶ ቆልቶ የሚሸጥ ወጣት በእጁ የሚቀረው 8 ወይም 8.5 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ሳያሰላ ዋጋ ያወጣ ሰው ሲሸጥ ውሎ ማታ ለምን እንደጎደለበት አያውቅም። የቡና ንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑም መሣሪያ ከመግዛት በፊት የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ብልህነት ነው።

ሥራ ሁሉ ቡናና ማር ነው ማለታችን ግን አይደለም። መቱ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። ዳቦ የሚጋግር፣ ወንበርና አልጋ የሚሠራ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ የሚጠግን እጅ ትፈልጋለች። ጎረቤት ሱቅ ስለከፈተ ብቻ ከጎኑ ተመሳሳይ ሱቅ መክፈት የአንዱን ገበያ ለሁለት መክፈል እንጂ አዲስ ሥራ መፍጠር አይደለም።

ከሙያ ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው። የሥራው ኪስና የቤቱ ኪስ መለየት አለባቸው። ከሱቁ መሳቢያ በየቀኑ 50 ብር ብቻ ለቤት ወጪ የሚያነሣ ሰው በዓመት 18,250 ብር አነሣ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በደብተር ካልሠፈረ ሥራው አትራፊ ሆኖ ሳለ የከሰረ ይመስላል፤ ወይም ከስሮ ሳለ ያተረፈ ይመስላል።

ስለ ዱቤም አንድ ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው 28 ሠራተኞች 28 ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ሱቅ ከፈቱ። ለሽያጭ ያቀረቡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ የመሳሰሉትን ነበር። ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ዕቃ፣ ያልጎደለ ሚዛንና በእጅ በእጅ ሽያጭ ደንባቸው ሆነ። ትርፉንም አባላቱ በገዙት መጠን ተከፋፈሉት። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመነሻ አርአያቸው አድርገው የሚያነሡት ያችን ሱቅ ነው። በእኛ ከተሞች ዱቤን ፈጽሞ ማስቀረት ያስቸግር ይሆናል፤ ገንዘብ የሚገኘው ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነውና። ሆኖም ዱቤ በልክ፣ በጽሑፍና በቀነ ቀጠሮ ሊሰጥ ይገባል።

ይኸው የቡና ወቅት በብድርም ላይ መታሰብ አለበት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ በከተሞቹ ገበያ ይሞቃል፤ በክረምት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በየወሩ እኩል እንዲከፍል የተስማማ ጀማሪ በሐምሌ የሚከፍለውን በኅዳር ቆጥቦ ማስቀመጥ ይኖርበታል። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ነጋዴውን ካፒታል በጣሪያ ገድቦት ነበር፤ ያ ገደብ ዛሬ የለም። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። የብድሩ በር መከፈቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብድር ለመሣሪያና ለጥሬ ዕቃ እንጂ ለሱቅ ጌጥና ለድግስ አይወሰድም። በቡድን ዋስትና የሚፈርምም ሁሉ የጓደኛውን ደብተር ለማየት መብት እንዳለው ይወቅ። ሳያዩ መፈረም ወዳጅነት አይደለም።

ይህን ሁሉ በወጣቱ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የቀበሌው ነዋሪና ሠራተኛውም ድርሻ አላቸው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በማንቋሸሽ የኖረው ጎታች ልማድ ዛሬም ከአንዳንዱ አንደበት አልጠፋም። ማረሻውንና ጋቢውን፣ ጀበናውንና ምጣዱን ከእነዚህ ባለሙያዎች እጅ እየተቀበሉ ሥራቸውን መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ልጁ ከቢሮ ሌላ ሥራ እንዳይነካ የሚከለክል ወላጅ ልጁን ከሥራ አጥነት አያድነውም። አንጋፋው አናጢና ልብስ ሰፊ ሙያቸውን ለወጣቱ ያስተምሩ። ነዋሪውም የሰፈሩን ልጅ ሥራ በርኅራኄ ሳይሆን በጥራቱ መዝኖ ይግዛው፤ የወሰደበትንም ዱቤ በቀኑ ይክፈለው። ይህ ለጀማሪው ከማንኛውም ምርቃት የበለጠ ድጋፍ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአንድ የልብስ ስፌት መኪና ወይም በሁለት ቀፎ መጀመር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በማያውቁት ሥራ የሰው ገንዘብ ማባከን ነው። የኢሉባቦር ከተሞች ወጣት መጀመሪያ ሙያውን ይማር፤ ቀጥሎ በትንሹ ይሞክር፤ የሞከረውን በደብተሩ ያስፍር፤ ከዚያ በኋላ ለሚያስፈልገው ያህል ብቻ ይበደር። ጎሬ ካየችው ዕጣ የምንማረው ከሆነ፣ ነገም መንገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢዞር በእነዚህ ከተሞች የሚቀር የሠለጠነ እጅና የታመነ ሚዛን ይኖራል።