እውነት ወይስ ተረት? ስለ መንዝ በግ ጤና፣ ዘርና ትርፍ

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳና ሞላሌ በተዘረጋው የሰሜን ሸዋ ደጋ በግ የገብሱ ዋስ ነው። በልግ ሲቀር፣ ውርጭ አዝመራውን ሲመታ፣ ቤተሰብ የሚያድረው በግ ሸጦ ነው። ስለዚህ ስለ በግ የሚነገር ስህተት ወሬ ሆኖ አይቀርም፤ ጎተራን ያጎድላል። ከአርቢውም ከመካሪውም አፍ የማይጠፉትን ጥቂቶቹን እንይ።

ተረት፦ የመንዝ በግ ባለ ሱፍ ስለሆነ ዋናው ትርፍ ሱፉ ነው።

እውነቱ፦ ዋናው ገቢ በጉ ራሱ ነው። የመንዝ በግ ሁለት ልብስ ደርቦ ይኖራል፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ ፀጉር፣ ከሥሩ አጠር ያለ ለስላሳ ሱፍ። ይህ ድርብ ልብስ የደጋውን የሌሊት ቁር ያስችለዋል እንጂ ለሹራብና ለሱፍ ልብስ የሚሆን ቀጭን ክር አይወጣውም። የሜሪኖ ሱፍ ቅጥነቱ ብዙውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ የእኛ ቅይጥ ፀጉር ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሙያው ሌላ ነው፦ ባና እና ዝተት። ለብርድ አገር እነዚህ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ፈትሎ የሚሸጠውም ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ግን ሱፉን ዋና ትርፍ አድርጎ ማሰብ አያዋጣም።

እንዲህም ሆኖ መሸለት የሚያስገኘው ብዙ ጊዜ የማይቆጠር ጥቅም አለ። በሱፉ ውስጥ ተደብቆ ደም የሚመጥ፣ ክንፍ የሌለው የዝንብ ዘር አለ፤ ዕድሜውን ሁሉ የሚጨርሰው በጉ ላይ ነው። ይህና ቅማል ቆዳውን ነጥብ ነጥብ አድርገው ያበላሹታል። የቆዳ ፋብሪካዎች «እከክ» ብለው ዋጋ የሚጥሉበት ጉድለት አንዱ መነሻው ይኸው ነው። በጉ ሲሸለት ተባዩ ከሱፉ ጋር ይወጣል። ሽልት በግ ይገድላል የሚባለውም ጊዜው ሲሳሳት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭና በክረምት ዝናብ የተሸለተ በግ በእርግጥ በብርድ ሊያልቅ ይችላል። ውርጩ ሲያልፍ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢሸለት ግን ጉዳት የለውም።

ተረት፦ የፈረንጅ ዘር ካልገባ በጋችን አይለወጥም።

እውነቱ፦ ብዙ ጊዜ ገብቷል። ሜሪኖ መጣ፣ ኮሪዴል መጣ፣ ከእስራኤል ደግሞ አዋሲ መጣ። የኮሪዴልን ዲቃላ ብዙ አርቢ ሳይወደው የቀረበት አንዱ ምክንያት ላት ስለሌለው ነው። ላት የሌለውን በግ ለበዓል ማን ይገዛዋል? አዋሲ ባለ ላት በመሆኑ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ፤ ዲቃላውም በደንብ ከተቀለበ ሰውነቱ ይገዝፋል። ሆኖም ዲቃላ አውራ ያሰራጩ የነበሩት የደብረ ብርሃንና የአመድ ጉያ ማዕከላት ሜዲ ቪስና የተባለ በሽታ ተገኝቶባቸው ሥርጭቱ ተቋርጦ ነበር። ይህ ቀስ እያለ ሳንባ የሚጎዳ የቫይረስ በሽታ ክትባትም መድኃኒትም የለውም፤ ከእናት ወደ ግልገል በወተት ይተላለፋል። አዋሲን የምቃወም አይደለሁም። ነገር ግን ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ማቅረብ የማይችል አርቢ ትልቅ አካል ያለው በግ ቢሰጡት የተሰጠው ትልቅ ረኃብተኛ ነው።

ተረት፦ የትል ኪኒን ለሁሉም ትል ይሆናል።

እውነቱ፦ አይሆንም። ረግረግ ዳር የጋጠ በግ አገጩ ሥር ውኃ ቋጥሮ ሲያብጥ፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ሲነጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉበት ትል ነው። ይህን ትል አይቨርሜክቲን አይነካውም። አልቤንዳዞልም ቢሆን የሚገድለው የጎለመሰውን ብቻ ነው፤ ገና በጉበት ውስጥ የሚጓዘውን ወጣት ትል የሚይዘው ትሪክላቤንዳዞል ነው። አልቤንዳዞል ፅንስ ስለሚጎዳ ከተጠቃች ገና አንድ ወር ላልሞላት በግ አይሰጥም። በግምት አሳንሶ መስጠት ደግሞ ትሉን መድኃኒት ያስለምደዋል።

ተረት፦ አዙሪት የበጉ ዕጣ ነው።

እውነቱ፦ በሽታውን ወደ ግጦሹ የሚያመጣው ውሻ ነው። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ ይዞራል፣ ከመንጋው ይለያል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ በመጨረሻም መብላት ያቅተዋል። ሲሞት ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ኮሶ ትል ይሆናል። የውሻው ዓይነ ምድር የትሉን ዕንቁላል በሣሩ ላይ ይበትናል፤ ያንን የጋጠ ሌላ በግ ከወራት በኋላ መዞር ይጀምራል። ይህን ሁሉ ለመቁረጥ ጭንቅላቱን በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻም በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት በቂ ነው። ከዚህ በርካሽ የሚገኝ የበሽታ መከላከያ አላውቅም።

ተረት፦ እንገር ለግልገሉ ስለሚከብድ ታልቦ ቢደፋ ይሻላል።

እውነቱ፦ የበግ ፅንስ በሽታ መከላከያውን ከእናቱ ደም አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱም መከላከያውን የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣሉ። ቁር ባለበት ደጋ ሳምባ ምች ግልገል የሚፈጅ በሽታ ስለሆነ፣ እንገር መድፋት ግልገሉን ያለ ጋሻ መልቀቅ ነው።

ተረት፦ ለዘር ማንኛውም አውራ ይበቃል፤ ዋናዋ እናቲቱ ናት።

እውነቱ፦ ከሁሉም ይበልጥ የጎዳን ይህ ነው። እናት በግ ከአምስት ወር እርግዝና በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ግልገል ትጥላለች። አንድ አውራ ግን ከ25 እስከ 30 እናቶችን ያጠቃል፤ የሚመጣው ዓመት ግልገል ሁሉ የእርሱ ነው። ታዲያ መንጋው ውስጥ የቀረው አውራ የትኛው ነው? ገና ወይም ፋሲካ ሲደርስ ነጋዴ የሚመርጠው ፈጥኖ ያደገውን፣ ላቱ የሞላውን፣ ቀለሙ ያማረውን ጠቦት ነው። ጥሩ ገንዘብ ስለሚያወጣ ይሸጣል። ገዢ ያጣው ኮስማና ቤት ይቀራል፤ የሚያጠቃውም እሱ ነው። ዓመት በዓመት እንዲህ ሲሆን፣ አርቢው ሳያስበው ዘሩን ቁልቁል ይመርጣል። በዚያ ላይ ያው አውራ ሳይቀየር ሲከርም የገዛ ልጆቹን ያጠቃል።

መፍትሔው ከባሕር ማዶ መምጣት እንደሌለበት መንዝ ራሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ)፣ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) እና ከቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በመንዝ በማኅበረሰብ የሚመራ የዘር ማሻሻያ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። የግልገሉ የልደት ቀንና ክብደት ይመዘገባል፤ ከመዝገቡ የተሻሉት ጠቦቶች ይለያሉ፤ ከዚያ አርቢዎች የመረጧቸው ሰዎች ቆመው መልኩን፣ ላቱንና ቁመናውን ያያሉ። የተመረጠው አውራ በጋራ ይያዛል፣ ከመንጋ ወደ መንጋም ይዞራል። ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ይደልባል።

አርቢዎች ሆይ፣ ለመጪው በዓል ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት በአንድ ሰሞን የተወለዱትን ጠቦቶች አጠገብ ለአጠገብ አቁማችሁ አስተያዩ። የበለጠውን አትሽጡት፤ አንድ ሰው ብቻውን ካልቻለ ጎረቤት ተዋጥቶ ለዘር ያስቀረው።