ፈቃዱ ለማን ይደርሳል?

የተከለከለ ወይም በጓዳ የኖረ ንግድ ሕጋዊ በሆነ ማግስት ቀድሞ የሚገባበት ገንዘብ ያለው ነው። የካናቢስ ገበያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በአሜሪካ ክልከላው ጥቁሮችን ከሌላው በላይ ሲያሳስር ኖሮ፣ ፈቃድ መሰጠት ሲጀምር ሱቁን የያዙት በአመዛኙ ባለሀብቶች ሆኑ። ይህን ለማረም ኦክላንድ ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. በክልከላው ለተጎዱ ነዋሪዎቿ የፈቃድ ድርሻ ለየች፤ ኒውዮርክም በ2021 ሕጓ ከፈቃዱ ግማሹን ለእንዲህ ያሉ አመልካቾች የማድረስ ግብ ያዘች። ድርሻ መለየቱ ግን አልበቃም። የፌዴራሉ ሕግ ተክሉን ስለሚከለክል አብዛኞቹ ባንኮች ከብድር ይሸሻሉ። በኢሊኖይ የ2019ኙ ሕግ ያስገኛቸው 75 የሱቅ ፈቃዶች ዕጣ የወጣላቸው በ2021 ነው። ይህን ያህል መጠበቅ የሚችለው ደግሞ ስንቅ ያለው ነው። ሌሶቶም በ2017 ከአፍሪካ ቀድማ ለመድኃኒት ምርት ፈቃድ ስትሰጥ፣ ተክሉን ለትውልዶች ሲያበቅል የኖረው ደጋማ ገበሬ ክፍያውን አልቻለውም።

እኛ ዘንድ ካናቢስ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ይፈቀድ ማለቴም አይደለም። ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበን አረቄ ነው። በጉንደ ወይን፣ በሞጣም ሆነ በቢቸና አረቄ አውጥተው ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ብዙዎቹ ንግድ ፈቃድ የላቸውም። አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። ለፋብሪካ የተሰፋ መስፈርት በአንዲት ጋን ለምትሠራ እናት ሲለካ፣ ውጤቱ ከክልከላ አይለይም።

«አረቄ ትዳር ያፈርሳል፣ ጤና ይጎዳል፤ ለምን ይደገፋል?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ነገር ግን ያልተመዘገበን አውጪ ማን ይቆጣጠራል? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ጓዳ ውስጥ ግን ይህን የሚያይ የለም። «ሕግ ለሁሉም እኩል ይሁን» የሚለውም ያስኬዳል፤ ግን ያው ክፍያ ለአንዱ የዕለት ወጪ፣ ለሌላዋ የዓመት ገቢ ሲሆን እኩልነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች በየቤቱ ከመቅጣት ይልቅ ሴቶቹን በኅብረት ሥራ ማኅበር ያሰባስቡ፤ የጋራ ማውጫ ቦታና የጥራት ምርመራ ይመቻች። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በቡድን ዋስትና ማበደርን ለዓመታት ሠርቶበታል፤ ብድሩ ከፈቃዱ ቀድሞ ይድረሳቸው።